ንባብ ይቅደም፣ ትርጓሜ ይከተል
ቅርሶቻችንን ለጎብኚ ስለ ማስረዳትና ማስረዳታችንን ስለ መመዘን

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4 እንደተጻፈው፣ ሕዝበ እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገሩ ከወንዙ መካከል ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አንሥተው በጌልገላ አቆሙ። የቆሙበትም ምክንያት በዚያው ተነግሯል፤ በሚመጣው ዘመን ልጆች ድንጋዮቹን አይተው ነገሩ ምን እንደሆነ አባቶቻቸውን እንዲጠይቁ፣ አባቶችም እንዲመልሱላቸው ነው። ሥርዓቱን ልብ ብለን ብንመለከተው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ልጁ ያያል፤ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ አባት ይናገራል። ድንጋዩ ብቻውን አልተናገረም፤ አባትም ልጁ ሳያይና ሳይጠይቅ አልጀመረም።

ዛሬ በየአድባራቱና በየገዳማቱ ለጎብኚ የሚደረገው ገለጻ በአብዛኛው ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ነው። እንግዳው ጫማውን አውልቆ ሲገባ፣ ዓይኑ ከውጭው ብርሃን ወደ ውስጡ ጨለማ ገና ሳይለምድ፣ የምሥረታው ዘመን፣ የነገሥታቱ ስም፣ የንዋያተ ቅድሳቱ ብዛት ይዘረዘርለታል። ገለጻው ሲያልቅ ጎብኝቱም ያልቃል። እንግዳው ፎቶግራፉን ይዞ ይሄዳል፤ ነገሩን ግን አልያዘም። ይህ የሚደርሰው በውጭ አገር ጎብኚ ላይ ብቻ አይደለም። በንግሥ ዕለት ከከተማ የሚመጡ የራሳችን ወጣቶችም አንገታቸውን አቅንተው ግድግዳውን ሲያዩ ቆይተው፣ ምን እንዳዩ ሳያውቁ ይመለሳሉ። እኛም በልማት ሥራ የተሰማራነው ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለንም። ቤተ መዘክር ለማሠራት፣ መንገድ ለማስጠረግ፣ መጸዳጃ ቤት ለማስገንባት ብዙ እንደክማለን፤ በተሠራው ቤት ውስጥ ለእንግዳው ምን እንደሚባል ግን የፕሮጀክት ሰነዶቻችን እምብዛም አይናገሩም።

ይህ ሥራ በሙያው ቋንቋ የቅርስ ትርጓሜ ይባላል። በአስጎብኚዎች ዘንድ «ገለጻ» የሚለው ቃል የተለመደ ቢሆንም እኛ «ትርጓሜ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለቃሉ የሰጠችው ይዘት ሥራውን ራሱን ያስተምራልና። በመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ደቀ መዝሙሩ በመጀመሪያ ነጠላ ንባቡን ያነባል። መምህሩም ከዚያው ንባብ ተነሥቶ ምሥጢሩን ይፈታል፤ «አንድም» እያለ ሌላውን መንገድ ያሳያል። ንባቡ ያልተነበበለት ሰው ትርጓሜውን ቢሰማ ቃሉ የሚያርፍበት ስፍራ አያገኝም። ለጎብኚ ደግሞ ንባቡ በዓይኑ ፊት ያለው ነገር ነው፤ ሥዕሉ፣ በሩ፣ መጋረጃው፣ ዛፉ፣ የድንጋዩ ደወል። ስለዚህ የሚታየውን ነገር እንዲያይ ሳንረዳው ወደማይታየው ታሪክ ብንወስደው፣ ንባብ ዘልሎ ትርጓሜ እንደሚሰማ ተማሪ እናደርገዋለን።

ፍሪማን ቲልደን የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ የአገሩን ብሔራዊ ፓርኮች መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር አስተምሯል። መረጃ መስጠት ብቻውን ትርጓሜ አይደለም፤ የሚነገረው ነገር ከሰሚው ሕይወት ጋር ካልተገናኘ ፍሬ አያፈራም፤ ለልጆች የሚሰጠውም የአዋቂው ገለጻ ተመጥኖና ተቆራርሶ ሳይሆን ራሱን ችሎ የተዘጋጀ ሊሆን ይገባል ይላል። ኢኮሞስ በመባል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የቅርስ ባለሙያዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በኩቤክ ያጸደቀው የትርጓሜና የአቀራረብ ቻርተርም በሁለት ነገር አጥብቆ ያሳስባል፤ የሚነገረው በታመነ ምንጭ ላይ እንዲቆምና ሥራው ዘወትር እንዲገመገም። በሁለተኛው ላይ ቆይተን እንመለስበታለን።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት በጣና ሐይቅ፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ወደምትገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንሂድ። ከባሕር ዳር በጀልባ የመጣ እንግዳ ከወደቡ ወርዶ በቡና ዛፎች ጥላ ሥር ሽቅብ ተጉዞ ወደ ክቡ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። ቅኔ ማኅሌቱን አልፎ ወደ ቅድስት ሲገባ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ይቆየዋል። ከሥዕሎቹ መካከል የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይገኝበታል። ታሪኩን ለካህናት መተረክ «ለቀባሪ አረዱት» ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚያይ አንድ ጊዜ እናስብ። በጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው ያያል። ይደነግጣል፤ ወይም ይስቃል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል። አስጎብኚውም «ይህ 78 ሰው የበላው በላዔ ሰብእ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ሥዕል ያልፋል። እንግዳው 78 የሚለውን ቁጥር ያዘ፤ ምሕረቱን ግን በስፍራው ትቶት ሄደ። ለአገሩ ሰው የሚያወራው ምን እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

ያንኑ ሥዕል በሌላ መንገድ እናቅርበው። አስጎብኚው ከሥዕሉ ፊት ቆሞ ጥቂት ዝም ይበል። ከዚያ ታሪኩን ሳይነግር፣ በተለመደው አሣሣል የሚታየውን ሚዛን አመልክቶ ይጠይቅ፤ «በሚዛኑ በአንደኛው ወገን ምን ያያሉ? በሌላውስ? የትኛው ደፋ?» እንግዳው ፈልጎ ያገኛል። ያን ያህል የተበሉ ነፍሳት በአንድ ወገን ሳሉ ጥርኝ ውኃ እንደመዘነ ሲያይ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል። መናገር የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ስለ ተጠማው ሰው፣ በእመቤታችን ስም ስለተሰጠው ውኃ፣ በሚዛኑ ላይ ስላረፈው ጥላዋ። በመጨረሻም «የቆሙበት ቤተ ክርስቲያን ስሙ የዚህ ቃል ኪዳን ስም ነው፤ በዓሉም የካቲት 16 ቀን ይከበራል» ይባላል። የደብሩ ስም፣ በዓሉና ሥዕሉ በአንድ እፍኝ ውኃ ተያያዙ። ውኃ መጠማትን የማያውቅ ሰው የለም፤ መመዘንን የማይፈራም እንዲሁ። እንግዳው ሃይማኖታችንን ባይጋራ እንኳ በነገሩ ውስጥ ለራሱ የሚሆን ስፍራ ያገኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ አጭር ነው፤ ጥቅሙ ግን ሰፊ ነው። በጥንታዊው አሣሣላችን ቅዱሳን በአብዛኛው ሁለት ዓይናቸው እየታየ በሙሉ ፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ወገን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። ይህን አንድ ነገር ለጎብኚው ብንነግረው ቁልፍ ሰጠነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግድግዳ ራሱ እያነበበ ይሄዳል፤ ልጆችማ ቀድመውን እየሮጡ «ይኼኛው ክፉ ነው!» ይላሉ። ዐሥር ሥዕል ከምንተርክለት ይልቅ በዚህ ቁልፍ ሦስቱን ራሱ ቢከፍት ይበልጥበታል።

የማይታየውም ትርጓሜ ይሻል። ጎብኚዎች ሳይሰለቹ የሚጠይቁት ስለ መቅደሱ ነው፤ የተለመደው መልስም «ክልክል ነው» የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ሆኖም እንግዳውን በደጅ ይጥለዋል። መጋረጃው ራሱ እንደ ንባብ ቢታይ ግን የቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ክፍሎች፣ በየክፍሉ ማን እንደሚቆም፣ ምእመናኑም ራሳቸው ከመቅደስ እንደማይገቡ ማስረዳት ይቻላል። ያን ጊዜ እንግዳው እንደተባረረ ሰው ሳይሆን ምእመናን በሚቆሙበት እንደቆመ ሰው ይሰማዋል። የድንጋዩን ደወል በተመለከተ ግን ምንም ከመናገር በፊት አንድ ጊዜ ቢመታለት ይሻላል። በጆሮ የገባው ድምፅ ከእኛ ንግግር በላይ አብሮት ይከርማል።

እዚህ ላይ ስለ እውነት አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይለናል። ወደ ዘጌ የመጣ እንግዳ በመንገዱ ላይ ያየው ደን የቅርሱ አካል ነው። በአካባቢው ትውፊት ምድሪቱ በበሬ እንዳትታረስ የጻድቁ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጠብቋታል። የጣና ሐይቅ አካባቢም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁለቱም ሊነገሩ ይገባል፤ ትውፊቱ «አባቶቻችን እንዲህ አስተላለፉልን» ተብሎ፣ ምዝገባው ደግሞ በዓመተ ምሕረቱ። ትውፊትን እንደ ትውፊት መናገር አያሳንሰውም፤ እንደ ሰነድ አድርጎ መናገር ግን ሲጠየቅ ያሳፍራል። የሥዕሎች ዕድሜም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያን በተመሠረተችበት ዘመን ላይ ተመሥርቶ በውስጧ ያለውን ሁሉ በዚያው ዘመን መጥራት በብዙ ቦታ የተለመደ ስሕተት ነው። በጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያናቱ ከተመሠረቱበት ዘመን እጅግ ዘግይተው የተሣሉ ናቸው። ይህን ብንናገር እንግዳው አያፍርብንም፤ ይልቁንም በየዘመኑ እያደሰ የሚሥል ሕያው ምእመን እንዳለን ይረዳል።

የራሳችንን ስሕተት ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰበካ ጉባኤው ጋር ሆነን በቅጽሩ በር ላይ ትልቅ የብረት ሰሌዳ አስተክለን ነበር። ጽሑፉን ስናዘጋጅ ከኮሚቴው አባላት እያንዳንዱ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመረ፤ የሚቀንስ ግን አልተገኘም። ከጻድቁ ገድል መቀነስ ድፍረት መስሎ ታየን። ሰሌዳው ተመረቀ፤ በሪፖርታችንም ላይ «የጎብኚዎች መረጃ ሰሌዳ ተተክሏል» ተብሎ ተጻፈ። ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ስንመለስ ከበሩ ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠን የሚገባውን ሰው መመልከት ጀመርን። ሰው ይመጣል፤ ሰሌዳውን ቀና ብሎ ያያል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ያልፋል። ከፊቱ ረጅም ጊዜ የቆሙት ሰው የሚጠብቁ ብቻ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አንድ እረኛ ከሰሌዳው ጀርባ ተቀምጦ ዐረፈ፤ ጥላው ጥሩ ነበር።

በማግስቱ ከዲያቆናቱ ጋር ሆነን በካርቶን ላይ በእጅ ጽሑፍ አንድ ጥያቄና አራት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ጻፍንና በመግቢያው አጠገብ በአትሮንስ ላይ አስቀመጥን። ጥያቄው በዚያ ቆሞ ስለሚታይ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰዎች ቆሙ፤ ግን ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ተመለከቱ። «በስተቀኝ» ያልነው ከእኛ ቀኝ እንጂ ከእነርሱ ቀኝ አልነበረም። አስተካክለን እንደገና ጻፍነው፤ አንድ ያልገባቸውን ቃል አውጥተን ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍነው። ወጪው የካርቶንና የማርከር ዋጋ ነበር። በብረት ላይ ከመታተሙ በፊት ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ የቤተ ክርስቲያኗን ገንዘብ ባላባከንን ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ለእንዲህ ያለ ጻድቅ ይህን ያህል ብቻ?» ብለው አዘኑብን። ሐዘናቸው ተገቢ ነው፤ በብዙ ሰበካ ጉባኤም የሚነሣው ይኸው ጥያቄ ነው። የእኛ መልስ ገድሉ አልተቀነሰም የሚል ነው። ሙሉው በመጽሐፉ አለ፤ በካህኑ አንደበት አለ፤ ለሚፈልግ በትንሽ መጽሔት ሊዘጋጅም ይችላል። ሰሌዳው የሚሠራው ያን ሙሉውን የሚጠይቅ ሰው እንዲኖር ነው። ማዕዱ ሙሉ ቢሆንም ለእንግዳ በመጀመሪያ የሚቀርብለት የእጅ ውኃ ነው።

አሁን ወደ ምዘናው እንመለስ። በብዙዎቻችን ልማድ ግምገማ ሥራው ካለቀ በኋላ ለለጋሽ ድርጅት የሚጻፍ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ግን ምዘናው ከሁሉ ይቀድማል። ምንም ነገር ከማዘጋጀታችን በፊት ጎብኚው ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚጠይቅ፣ ምን በተሳሳተ መንገድ ሰምቶ እንደመጣ መስማት አለብን። ስናዘጋጅ ደግሞ እንደ ካርቶኑ በጊዜያዊ መልክ እንፈትናለን። ከተሠራ በኋላ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በንግሥ ሰሞን፣ ሌላውን በተራ ቀን፣ ተመልሰን እናያለን።

ለማየት ትልቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ጠንቃቃ ወጣት የቤተ ክርስቲያኑን ንድፍ በወረቀት ሥሎ፣ ጎብኚዎች የት እንደሚቆሙ፣ በእጃቸው ምን እንደሚያመለክቱ፣ የቱን ሳያዩ እንደሚያልፉ ምልክት ቢያደርግ ይበቃል። ሰውን እንደ ሰላይ መከተል አይገባም፤ በጸሎት ላይ ያለውንም መመልከት ነውር ነው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወረቀቱ ይናገራል፤ ምልክት የበዛበትና ባዶ የቀረው ስፍራ ይለያል።

በመጠየቅ በኩል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ወደዱት?» ብለን ብንጠይቅ ሁሉም «በጣም!» ይላል። የእኛም ሰው ይሉኝታ አለው፤ የውጭውም እንግዳ ጨዋ ነው። የጎብኚዎች መዝገባችንም በ«ድንቅ ነው» እና በ«ተባረኩ» የተሞላው ስለዚህ ነው። ከዚያ ይልቅ በመውጫው ላይ «ከዚህ ቦታ ካዩት አንድ ነገር ለቤተሰብዎ ቢነግሩ የቱን ይነግራሉ?» ብለን እንጠይቅ፤ የሚለውንም በራሱ ቃል እንመዝግበው እንጂ አናሳምረው። መልሱ «እጅግ ጥንታዊ ነው» ብቻ ከሆነ ትርጓሜያችን አልደረሰም። «ሰው የሚበላ ሰው ሥዕል አለ» ከሆነ በግማሽ ደርሷል፤ ይህ ካለመድረስም የከፋ ነው። «ጥርኝ ውኃ ያን ሁሉ ኃጢአት መዘነ» ካለ ግን ሥዕሉ ተነቧል።

ልጆችን ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ ያዩትን እንዲሥሉ ወረቀት መስጠት ይሻላል። ምን እንደተሣለ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልተሣለም ያስተምረናል።

አስጎብኚዎቻችንን በተመለከተ፣ ምዘናው ቁጥጥር መስሎ ከታያቸው ሥራው በዚያው ይቆማል። ቄሰ ገበዙም ሆነ አስጎብኚው ለዓመታት ያንኑ ሲናገሩ የኖሩ ናቸው፤ ጎብኚው በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያዛጋ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። አስቀድመን እነርሱን እንስማ። ከእነርሱም አንዱ በሌላው ገለጻ ላይ እንደ እንግዳ ቆሞ ቢሰማ ከማናቸውም ሥልጠና የበለጠ ይማራል፤ ይህን ስናደርግ አንዳንዶቹ በራሳቸው ላይ ሲስቁ አይተናል።

በሙዳየ ምጽዋት የገባው ገንዘብ መለኪያ ነውን? የሚል ጥያቄ ከሰበካ ጉባኤያት ይነሣል። ገንዘቡ ለካህናቱም ለጣሪያውም ያስፈልጋል፤ አንንቀውም። ይሁን እንጂ የጎብኚ ቁጥር በወረርሽኝ፣ በጸጥታ ችግር፣ በመንገድ መበላሸት ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህን ባለፉት ዓመታት ሁላችንም አይተናል። ገቢው የቀነሰው ትርጓሜያችን ስለደከመ፣ የጨመረውም ስለበረታ ላይሆን ይችላል። ይልቅስ ጎብኚው ባነሰበት ጊዜ ካርቶኑንና ማርከሩን ማንሣት ይቀላል።

ልንመዝነው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ጉዳቱ ነው። ሰዎች ከሥዕሉ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ሲጀምሩ እጃቸውም ይቀርባል። የጣት ምልክት፣ የፎቶግራፍ ፍላሽ፣ የጀርባ ቦርሳ የሚፍቀው ግድግዳ በየጊዜው መታየት አለበት። መፍትሔው ግን በግድግዳው ላይ ማስጠንቀቂያ በምስማር መምታት አይደለም። በግድግዳው ላይ ምንም አይለጠፍ፣ ምንም አይቸነከር፤ ራቅ ብሎ የሚቆም ዝቅተኛ የእንጨት መከለያ ይበቃል። ከዚህ ያለፈ፣ ቅርሱን የሚነካ ማናቸውም የጥገና ሥራ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይገኝ አይጀመርም።

ለመጀመር ላሰባችሁ፣ በተለይ በጣና ደሴቶች ላላችሁ አባቶች፣ አንድ ስፍራ እንጠቁማለን። እንደ ክብራን ገብርኤልና እንደ ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ሥርዓቱ ስለማይፈቅድ ሴቶች ከወደቡ አያልፉም። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ወጥተው እስኪመለሱ እናቶችና እኅቶች በጀልባው ወይም በዳርቻው ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ከእንግዶቻችን ሁሉ ሰፊ ጊዜ ያላቸው እነርሱ ናቸው፤ ያዘጋጀንላቸው ግን ከሁሉ ያነሰ ነው። ከዛፉ ሥር አግዳሚ መቀመጫ፣ የሥዕሎቹና የብራናዎቹ ፎቶግራፍ፣ ሥርዓቱ ለምን እንደተሠራ በትሕትና የሚያስረዳና ጥያቄ የሚቀበል አንድ አባት ቢኖር ወጪው ትንሽ ነው። የመውጫው ጥያቄም ወጥተው ለተመለሱት ብቻ አይቅረብ፤ በወደቡ የቆዩትም ለቤተሰባቸው ምን እንደሚነግሩ ይጠየቁ፤ መልሳቸውም ከሌሎቹ ጎን ይጻፍ።